ክሎሪን ቀለበቱን እያዳከመ ለምን ኦርቶና ፓራ ላይ ያስገባል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦

«ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ እየተማርኩ ነው። ቀለበቱን የሚያነቃቁ ቡድኖች አዲሱን ቡድን ኦርቶና ፓራ ላይ፣ የሚያዳክሙት ደግሞ ሜታ ላይ ያስገባሉ ተባልን። ወዲያው ደግሞ ክሎሪንና ብሮሚን ያዳክማሉ፣ ነገር ግን ኦርቶና ፓራ ላይ ነው የሚያስገቡት ተባለ። ‹ልዩ ሁኔታ ነው፣ ያዙት› ተብሎ ታለፈ። እኔ መሸምደድ ሳይሆን መረዳት ነው የምፈልገው። አንድ አቶም እንዴት ኤሌክትሮን እየወሰደ መልሶ ይሰጣል? ፈተና ላይስ ክሎሮናይትሮቤንዚን ስሩ ስንባል የቱን ላስቀድም?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ «ያዙት» ተብሎ የታለፈ ነገር ብዙ ጊዜ ውስጡ ጥሩ ትምህርት አለው። ክሎሪን ከሕግ የወጣ አይደለም። ለመያዝ እንዲመች ተብሎ ሕጉ ሲያጥር ነው ክሎሪን ውጭ የቀረው። በዚያ አጭር ሕግ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ተጨፍልቀዋል። አንደኛው፣ ክሎሮቤንዚን ከቤንዚን ጋር ሲወዳደር ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል የሚል ነው። (ቤንዚን ስል ባለ ስድስት ካርቦኑን ቀለበት ማለቴ ነው እንጂ የመኪናውን ነዳጅ አይደለም።) ሁለተኛው፣ በክሎሮቤንዚን ውስጥ ሃይድሮጅን ከያዙት አምስት ካርቦኖች የትኛው ይቀድማል የሚል ነው። (ክሎሪኑ ካለበት ካርቦን ጎን ያሉት ሁለቱ ኦርቶ፣ ቀጥለው ያሉት ሁለቱ ሜታ፣ ፊት ለፊት ያለችው አንዷ ፓራ ይባላሉ።) የመጀመሪያው ሁለት ሞለኪውሎችን ያወዳድራል። ሁለተኛው የአንድ ሞለኪውል ካርቦኖችን እርስ በእርስ ያወዳድራል። የክፍሉ ተማሪ በሙሉ ፈተና ቢወድቅ እንኳ አንደኛ የሚወጣ ልጅ አይጠፋም። ክሎሮቤንዚን ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው።

በወሬ አይቀበሉኝ፤ እናስላው።

ቤንዚንና ክሎሮቤንዚን እኩል እኩል ተደባልቀው ናይትሬሽን (የናይትሮ ቡድን ማስገባት) ቢደረግባቸው የክሎሮቤንዚኑ ፍጥነት የቤንዚኑ 0.033 ያህል ነው። ቤንዚን 30 እጥፍ ገደማ ይቀድመዋል ማለት ነው። ከክሎሮቤንዚን ከሚገኘው ውጤት ደግሞ 69 በመቶ ያህሉ ፓራ፣ 30 በመቶው ኦርቶ፣ 1 በመቶው ሜታ ነው። አሲዱና ሙቀቱ ሲቀያየር ቁጥሮቹ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ አጠቃላይ መልኩ ግን ያው ነው።

አሁን ለእያንዳንዱ ካርቦን ድርሻውን እንስጠው። ቤንዚን ስድስት እኩል ካርቦኖች አሉት፤ የእያንዳንዱ ድርሻ ከጠቅላላው ፍጥነት አንድ ስድስተኛ ነው። ያችን ድርሻ 1 እንበላት። በዚህ መለኪያ የክሎሮቤንዚን ጠቅላላ ፍጥነት 0.033 በ6 ተባዝቶ 0.198 ይሆናል። ፓራ አንድ ካርቦን ብቻ ናት። 69 በመቶውን ብቻዋን ትወስዳለች፤ 0.137 ይደርሳታል። ኦርቶ ሁለት ናቸው። 30 በመቶውን ለሁለት ሲካፈሉ ለእያንዳንዳቸው 0.03 ይደርሳል። ሜታም ሁለት ናቸው። ያችን 1 በመቶ ሲካፈሉ ለአንዷ 0.001 ብቻ ነው የሚደርሳት።

እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ቆም ብለው ይዩአቸው፦ 0.137፣ 0.03፣ 0.001። ሦስቱም ከ1 በታች ናቸው። ፓራ እንኳ ከአንድ የቤንዚን ካርቦን ጋር ስትነጻጸር ሰባት እጥፍ ገደማ ትዘገያለች። ክሎሪን የትኛውንም ቦታ አላነቃቃም፤ ሁሉንም አዳክሟል። ግን እኩል አላዳከመም። ሜታን ሺህ እጥፍ ሲያዘገይ ፓራን ያዘገየው ሰባት እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ «ክሎሪን ኦርቶና ፓራ ላይ ያስገባል» ሲባል ከሜታ ይልቅ ኦርቶንና ፓራን ያነሰ ጎድቷል ማለት ነው።

ናይትሮንም በዚሁ ዓይን ይዩት። «ናይትሮ ሜታ ላይ ያስገባል» ሲባል ሜታን የሚረዳ ይመስላል። ናይትሮቤንዚን ሁለተኛ ናይትሮ ለመቀበል ከቤንዚን ከአስር ሚሊዮን እጥፍ በላይ ይዘገያል። 93 በመቶ ያህሉ ሜታ ላይ የሚገባው ኦርቶና ፓራ ከሜታ ብሰው ስለተደቆሱ ነው። ሜቲልን ይዞ ያለው ቶሉዊን ግን የምር የተነቃቃ ነው። ከቤንዚን 25 እጥፍ ገደማ ይፈጥናል፤ ተመሳሳዩን ስሌት ብትሰሩለት ሜታው እንኳ ከ1 በላይ ይወጣል።

አሁን ወደ «ለምን?» እንግባ። ወረቀትና እርሳስ ይያዙ፤ ይህ ነገር ሳይሳል አይገባም።

ናይትሪክና ሰልፈሪክ አሲድ ሲደባለቁ ናይትሮኒየም የሚባል ፖዘቲቭ አዮን ይፈጠራል። ኤሌክትሮን ፈላጊ ስለሆነ ኤሌክትሮፋይል ነው። ቀለበቱ ከስድስቱ ፓይ ኤሌክትሮኖቹ (ድርብ ቦንዶቹን ድርብ ከሚያደርጉት) ሁለቱን አውጥቶ ከአንድ ካርቦን ጋር ያያይዘዋል። ያ ካርቦን ለጊዜው ሃይድሮጅኑንም ናይትሮውንም አንድ ላይ ይይዛል። የቀሩት አምስት ካርቦኖች በአራት ፓይ ኤሌክትሮኖች ይቀሩና አንድ ፖዘቲቭ ቻርጅ ለጋራ ይሸከማሉ። ይህ መሃል ላይ የሚፈጠር ነገር አሬኒየም አዮን ይባላል፤ ሲግማ ኮምፕሌክስም ይሉታል።

ከባዱ ሥራ ይህ ነው። ቤንዚን አሮማቲክ በመሆኑ በአንድ ሞል ወደ 150 ኪሎጁል የሚጠጋ መረጋጋት ያገኛል፤ አሬኒየም አዮን ሲሆን አብዛኛውን ያጣዋል። ቀጥሎ ሃይድሮጅኑ እንደ ፕሮቶን ሲወጣና ቀለበቱ ወደ ቦታው ሲመለስ ያለው ደረጃ ግን ፈጣን ነው። ማስረጃም አለው። የቀለበቱን ሃይድሮጅኖች በዲዩቴሪየም (በከባዱ ሃይድሮጅን) ቢተኳቸው የናይትሬሽኑ ፍጥነት አይለወጥም ማለት ይቻላል። የካርቦንና የሃይድሮጅን ቦንድ መበጠስ ፍጥነቱን የሚወስን ቢሆን ኖሮ ዲዩቴሪየም ያለው በግልጽ በዘገየ ነበር። ስለዚህ ፉክክሩ የሚያልቀው ኤሌክትሮፋይሉ በሚያያዝበት ቅጽበት ነው። የእርስዎ ጥያቄም ወደዚህ ይጠብባል፦ የትኛው አሬኒየም አዮን ይቀላል?

ናይትሮው የገባበትን ካርቦን 1 ብለው ቁጥር ይስጡና ቀለበቱን በዙሪያው ይቁጠሩ። ፖዘቲቭ ቻርጁን መጀመሪያ 2 ላይ ያድርጉት። ጎኑ ያለው ድርብ ቦንድ 3 እና 4 መካከል ነው፤ በቀስት ወደ ቻርጁ ሲያዞሩት ቻርጁ 4 ላይ ይወጣል። ቀጣዩን ድርብ ቦንድ ሲያዞሩ 6 ላይ ይደርሳል። በቃ፣ ሦስት ስዕል ነው። 3 እና 5 ላይ ምንም ቢያደርጉ አይደርስም።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ሁሉ ያለው። ቻርጁ የሚያርፈው አዲሱ ቡድን ከገባበት ካርቦን ኦርቶና ፓራ በሆኑት ላይ ብቻ ነው። አሁን ክሎሪኑን በስዕሉ ላይ ያስቀምጡት። ጥቃቱ ከክሎሪን ኦርቶ ወይም ፓራ ላይ ከሆነ ክሎሪኑ 2፣ 4 ወይም 6 ላይ ይውላል፤ ከሦስቱ ስዕሎች በአንዱ ቻርጁ ክሎሪን ባለበት ካርቦን ላይ ያርፋል። ጥቃቱ ሜታ ላይ ከሆነ ክሎሪኑ 3 ወይም 5 ላይ ነው፤ ቻርጁ ጎኑ ያልፋል እንጂ እሱ ጋ አይደርስም።

ክሎሪን ከቀለበቱ ጋር ሁለት ዓይነት ግንኙነት አለው። አንደኛው በሲግማ ቦንዱ (ከካርቦኑ ጋር በሚያያይዘው ነጠላ ቦንድ) በኩል ነው። የክሎሪን ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ (የቦንድ ኤሌክትሮኖችን የመሳብ አቅም) 3.16፣ የካርቦን 2.55 ነው። ስለዚህ በመካከላቸው ያሉትን ኤሌክትሮኖች ወደ ራሱ ይጎትታል፤ ይህ ኢንዳክሽን ነው። ቀድሞውኑ ፖዘቲቭ ለሚሆን ቀለበት ይህ ጭነት ነው፣ ጥቃቱ የትም ይሁን የት። ሁለተኛው በሎን ፔር በኩል ነው። ክሎሪን ቦንድ ውስጥ ያልገቡ ሦስት ጥንድ ኤሌክትሮኖች አሉት። አንዱ ጥንድ ከቀለበቱ ፓይ ኤሌክትሮኖች ጋር ትይዩ ሆኖ መቆም ይችላል። ቻርጁ ክሎሪን ባለበት ካርቦን ላይ ሲያርፍ ክሎሪን ያንን ጥንድ ያካፍለዋል፤ በካርቦኑና በክሎሪኑ መካከል ድርብ ቦንድ ይሳልና ቻርጁ ክሎሪኑ ላይ ይወጣል። ይህ አራተኛ ስዕል ነው። በዚህ ስዕል ውስጥ የቀለበቱ ካርቦኖችም ክሎሪኑም ሁሉም ስምንት ኤሌክትሮናቸውን ሞልተዋል። ኦርቶና ፓራ አራት ስዕል አላቸው፣ ሜታ ሦስት ብቻ።

«እንዴት እየወሰደ ይሰጣል?» ላሉት መልሱ እንግዲህ ይህ ነው። የሚወስዳቸው ኤሌክትሮኖችና የሚሰጣቸው ኤሌክትሮኖች አንድ አይደሉም። የሚወስደው የሲግማ ቦንዱን ነው። የሚሰጠው የራሱን ሎን ፔር ነው። ሁለቱ በተለያየ ኦርቢታል ውስጥ ስላሉ አንዱ ሌላውን አይከለክለውም፤ በአንድ ጊዜ ይሠራሉ።

ታዲያ ሂሳቡ ሲጠቃለል ማን ይበልጣል? በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሪአክሽን ሺህ እጥፍ ለመዘግየት መሻገር ያለበት ጉልበት በሞል በ17 ኪሎጁል ገደማ ከፍ ማለት አለበት። ሰባት እጥፍ ለመዘግየት 5 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል። ሜታ ላይ ሎን ፔሩ በቀጥታ ስለማይረዳ 17ቱን በግርድፉ የኢንዳክሽን ዋጋ ነው ብለን እንውሰደው። ፓራ ላይ ግን የቀረው 5 ብቻ ነው። ሎን ፔሩ ከተወሰደው አብዛኛውን መልሷል፣ ሁሉንም ግን አልመለሰም። ክሎሮቤንዚን የዘገየው ስላልመለሰው ነው፤ ፓራ የቀደመችው ስለመለሰላት ነው። ብዙ ቦታ «ፍጥነቱን ኢንዳክሽን፣ አቅጣጫውን ሬዞናንስ ይወስናል» ተብሎ ይጻፋል፤ ሬዞናንስ የሚባለው በስዕሎቹ ያየነው የሎን ፔሩ መካፈል ነው። ለመያዝ ጥሩ ነው። እኔ ግን ብዙም አልወደውም፤ ሁለቱ ተራ ገብተው የሚሠሩ ያስመስላል። እያንዳንዱ ካርቦን ላይ ሁለቱም በአንድነት አሉ።

ክሎሪን ለምን ሁሉንም አልመለሰም? የክሎሪን ሎን ፔር የተቀመጠው በሦስተኛው ዛጎል፣ 3ፒ ኦርቢታል ውስጥ ነው። የካርቦኑ 2ፒ ነው። መጠናቸው ስለማይመጣጠን በደንብ አይደራረቡም፣ ማካፈሉም ደካማ ይሆናል።

ይህን ለማመን ፍሎሪንን ማየት ይበቃል። የእኔ ምርጥ ምሳሌ እሱ ነው። የፍሎሪን ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ 3.98 ነው፤ ከሁሉም ይበልጣል። በኢንዳክሽን ብቻ ቢሆን ፍሎሮቤንዚን ከሃሎጅኖቹ ሁሉ ቀርፋፋ መሆን ነበረበት። ግን ፍጥነቱ የቤንዚን 0.15 ያህል ነው፣ ከክሎሮቤንዚን አራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ሎን ፔሩ 2ፒ ውስጥ ስለሆነ ከካርቦን ጋር በደንብ ይገጥማል፣ ሲሰጥም አጥብቆ ይሰጣል። ውጤቱ 88 በመቶ ገደማ ፓራ ነው። ስሌቱን ይሥሩት፦ 0.15 በ6፣ ከዚያ በ0.88። 0.79 ይወጣል። የፍሎሮቤንዚን ፓራ ካርቦን ከአንድ የቤንዚን ካርቦን ብዙም አትለይም።

የቀረው 12 በመቶ ለሁለት ኦርቶዎች መሆኑንም ልብ ይበሉ። ኦርቶ ሲያንስ ብዙ ጊዜ «ቡድኑ ግዙፍ ስለሆነ ቦታ ዘጋ» ይባላል። እንደ ሦስትዮሽ ቡቲል ላለ ግዙፍ ቡድን እውነት ነው። ፍሎሪን ግን ከሃሎጅኖች ሁሉ ትንሹ ነው፣ ኦርቶው ግን ከክሎሪን ያነሰ ነው። እዚህ ምክንያቱ ርቀት ነው። ኢንዳክሽን በቀረበ ቁጥር ይበረታል፤ ኦርቶ ከፓራ ለሃሎጅኑ ስለምትቀርብ የበለጠ ትጎዳለች።

ኦክስጅንም ተመሳሳይ ታሪክ ነው ያለው፣ መጨረሻው ብቻ ይለያል። ኤሌክትሮኔጋቲቪቲው 3.44 ነው፣ ከክሎሪን ይበልጣል። ግን ሎን ፔሩ 2ፒ ነው፤ ከፍሎሪን ደግሞ ላላ አድርጎ ስለያዘው ከወሰደው በላይ ይሰጣል። ፌኖል (ኦኤች ቡድን ያለበት ቤንዚን) ከቤንዚን ሺህ እጥፍ ያህል የሚፈጥነው ለዚህ ነው። ሜቶክሲ (በኦክስጅን በኩል የተያያዘ ሜቲል) ያለበት ቀለበትም እንዲሁ ኦርቶና ፓራው በጣም የተነቃቃ ነው። ሎን ፔሩ በማይደርስበት ሜታ ላይ ግን ሜቶክሲ እንኳ ያዳክማል። «አነቃቂ ነው» የምንለው ቡድን ሜታ ላይ ሲደርስ አዳካሚ ሆኖ ይገኛል። ክሎሪንን ልዩ ያደረገው ዓይነቱ አይደለም፤ የሁለቱ ተጽዕኖ ሚዛን ዜሮን ትንሽ አልፎ ወደ መውሰዱ ማዘንበሉ ብቻ ነው።

ናይትሮስ? ያንኑ ስዕል ይጠቀሙ። በናይትሮ ውስጥ ናይትሮጅኑ ራሱ ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው፣ የሚያካፍለው ሎን ፔርም የለውም። ጥቃቱ ኦርቶ ወይም ፓራ ላይ ሲሆን የቀለበቱ ቻርጅ በአንዱ ስዕል ናይትሮጅኑ አጠገብ ያርፋል። ሁለት ፖዘቲቭ ጎን ለጎን። ያ ስዕል የማይረባ ይሆናል። ሜታ ከዚህ ታመልጣለች። ካርቦኒል፣ ሰልፎኒክ አሲድና ሲያኖም በዚሁ ያልፋሉ፤ አልደግመውም።

ፈተና ላይ የሚጥል አንድ ነገር ግን ልጨምር። አኒሊን (አሚኖ ቡድን ያለበት ቤንዚን) ናይትሮጅኑ ላይ ሎን ፔር አለው፣ ኃይለኛ አነቃቂ ነው። በተቀላቀለው አሲድ ናይትሬት ሲደረግ ግን 47 በመቶ ያህሉ ሜታ ሆኖ ይወጣል። ምክንያቱም ጠንካራ አሲድ ውስጥ ናይትሮጅኑ ፕሮቶን ይቀበላል፣ ሎን ፔሩ በዚያው ይያዛል፣ ቡድኑም ፖዘቲቭ ሆኖ ይገኛል። መፍትሔው መጀመሪያ አሴቲል አድርጎ መሸፈን ነው። ሎን ፔሩ ይለዝባል እንጂ አይጠፋም፤ ናይትሮውም በአብዛኛው ፓራ ይገባል። ከዚያ አሴቲሉን በሃይድሮሊሲስ ማንሳት ነው። ስለዚህ ቡድኑን ከሠንጠረዥ ከማየትዎ በፊት በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ምን መልክ እንዳለው ይጠይቁ።

አሁን ወደ ክሎሮናይትሮቤንዚን እንምጣ። ሜታውን ከተጠየቁ ናይትሮ ይቀድማል። ቤንዚንን በተቀላቀለው አሲድ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ናይትሬት ያድርጉ። ናይትሮው ቀለበቱን ስለሚያዳክም በዚህ ሙቀት ሥራው አንዱ ላይ ይቆማል። ከዚያ ክሎሪን ጋዝ ከአይረን ትሪክሎራይድ ጋር፤ ናይትሮው ወደ ሜታ ይመራዋል። ፓራውን ከተጠየቁ ክሎሪን ይቀድማል፣ ናይትሮ ይከተላል። የሚያገኙት የፓራና የኦርቶ ድብልቅ ነው። ፓራው የሚቀልጠው በ83 ዲግሪ ገደማ፣ ኦርቶው በ32 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ድብልቁ ሲቀዘቅዝ ፓራው ቀድሞ ይረጋል፤ አብዛኛው በዚህ ይለያል። ፈተና ላይ «በክሪስታላይዜሽን ይለያል» ብሎ መጻፍ ነጥብ ያስገኛል።

በክሎሪን ፋንታ አሴቲል ከተጠየቁ ግን ይጠንቀቁ። ሜታ-ናይትሮአሴቶፌኖን ስሩ ቢባል ናይትሮም አሴቲልም ሜታ መሪ ናቸው፤ ቅደም ተከተሉ ለውጥ የሌለው ይመስላል። አለው። ናይትሮው ከቀደመ ቀለበቱ ለፍሪደል ክራፍትስ (አሴቲሉን ለሚያስገባው ሪአክሽን) እጅግ ደካማ ይሆናል፤ ናይትሮቤንዚን ምንም ስለማይሆን ለዚሁ ሪአክሽን ማሟሚያ ሆኖ ያገለግላል። ስለዚህ አሴቲሉን በአሉሚኒየም ክሎራይድ መጀመሪያ ያስገቡ፣ ናይትሮውን ቀጥለው።